ሽንኩርት የሚውጠው ማሽን

የጃራን መልክ ከማየቴ በፊት ድምፁን ሰማሁ፤ ድምፁም የመጣው ከግድግዳ ውስጥ ነበር።

ዘመኑ 1981 ዓ.ም.፣ ወሩ ነሐሴ ነው። ዛሬ ሁሉም አዳማ የሚላትን ከተማ ያኔ ናዝሬት እንላት ነበር። በስታቲስቲክስ ተመርቄ፣ ቡዳፔስትም ጥቂት ወራት ሠልጥኜ ተመልሼ፣ ከዓለም ጤና ከተማ እስከ ቡልቡላ የሚመረተውን አትክልት ሰብስቦ በሚያከፋፍል አንድ የመንግሥት ድርጅት ውስጥ ተቀጥሬአለሁ። በዚያን ዕለት የቲማቲም ብልሽት በመቶኛ ሳሰላ፣ ከጠረጴዛዬ በላይ ያለው ግድግዳ ተበሳና ኖራው በወረቀቴም በራሴም ላይ ዘነበ። በቀዳዳው የጥቁር ኬብል ጫፍ ብቅ አለ።

«ከዚያ ወገን ሰው አለ?» አለ ግድግዳው።

«ነበረ» አልኩ ፀጉሬን እያራገፍኩ። «አሁን ግን ሐውልት ሆኗል።»

ከወዲያ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጫፉን ይዘው ቀስ ብለው ይሳቡልኛል? እኔ ከዚህ እገፋለሁ። ማን ልበል?»

«ይርጋለም።»

«ጃራ እባላለሁ። አደራ፣ እንዳያጥፉት፤ ከታጠፈ ልቡ ይሰበራል።»

«ኬብልም ልብ አለው?»

«አለው፤ የመዳብ ነው።»

«እንግዲያው ከብዙ ወንዶች ይሻላል» አልኩና ሳብኩ።

በሩን ከፍቶ ሲገባ ቅንድቡ ሳይቀር በኖራ ነጥቷል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይኖቹ ከአፉ ቀድመው የሚስቁ ወጣት ነበር። የቡልቡላ ልጅ ነው፤ ምሥራቅ ጀርመን፣ ላይፕዚሽ ተምሮ የተመለሰው ገና በዚያው ዓመት ነው። እርስ በርሳችን ተያየንና በሳቅ ፈረስን፤ ሁለታችንም በአንድ ጠዋት ሽማግሌ ሆነን ነበር።

ድርጅቱ የጀመረው ሥራ ለዚያ ጊዜ እንግዳ ነበር። ምርት መረከቢያው፣ ሥርጭቱና ሂሳብ ክፍሉ አንዳንድ ኮምፒዩተር ነበራቸው፤ ነገር ግን አንዱ የጻፈውን ሌላው ለማየት ዲስክ በኪሱ ይዞ ግቢውን ማቋረጥ ነበረበት። ጃራ የሚተክለው ሰርቨር ይህን የሚያስቀር ነበር፤ ፋይሎች ሁሉ በአንድ ማሽን ይቀመጣሉ፣ ሦስቱም ክፍሎች ከየወንበራቸው ይካፈሏቸዋል። እኔ የተመደብኩት ከእሱ ጋር ሙከራውን እንዳካሂድና ውጤቱን አብሬው እንድፈርም ነው።

በመካከላችን ያለው የስልክ መስመር አንድም ቀን ሠርቶ አያውቅም፤ ስለዚህ በቀዳዳው እንነጋገር ነበር። እሱ ከሰርቨሩ አጠገብ፣ እኔ ከጠረጴዛዬ።

«ፋይሉን ይክፈቱት።»

«ተከፈተ።»

«እኔም ልክፈተው፣ አይልቀቁት... አሃ! ሰው ይዞታል አለኝ። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ አላስጽፍም አለ። በጣም ጎበዝ!»

«እኔን ነው ማሽኑን?»

«ገና እየፈተንኩ ነው» አለ።

ጠዋት ጠዋት በቀዳዳው «አካም ቡልቴ?» ብሎ እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቀኛል፤ እኔም በተሰባበረ ኦሮምኛዬ እመልሳለሁ፤ ያርመኛል። ከሰላምታው በኋላ የሚመጣውን ዝምታ መውደድ ጀመርኩ። ከግድግዳው ወዲያ ወንበሩ ሲንቋቋ፣ ቀና ብሎ ወደ ቀዳዳው እንዳየ አውቅ ነበር። ሆኖም በአማርኛ ከ«እርስዎ» አልወረደም፤ እኔም ውረድ አላልኩትም። በዚያ ዓመት ሰው ከሰው ጋር ለመቀራረብ ይፈራ ነበር። በግንቦት መፈንቅለ መንግሥት ተሞክሮ ከከሸፈ ወዲህ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ማን ከማን ጋር ሻይ እንደጠጣ የሚመዘግብ ዓይን አይጠፋም ነበር።

ሙከራው ባማረ ውጤት አለቀ። ሁለታችን ፈረምን፣ ማሽኖቹም ለየክፍሉ ሠራተኞች ተሰጡ። ጃራ አንድ ፕሮግራም ጽፎ ነበር፤ ሥራ ሲያበቃ የየክፍሉን ፋይልና በሰርቨሩ ያለውን ቅጂ ያወዳድራል፤ ቀኑ የቅርብ የሆነውን ያስቀራል፣ የቆየውን ይሽራል። ቀላልና ብልህ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የምርት መረከቢያዋ እትዬ አበዛሽ ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡ።

«ልጆች፣ ትናንት ከዓለም ጤና የገባውን ሽንኩርት አንድ ሳላስቀር ጽፌ ነው የወጣሁት። ዛሬ ብከፍተው የለም። ይኼ ማሽናችሁ ሽንኩርት ይበላል እንዴ?»

ቢሮው ሳቀ። ጃራም ስቆ ሄደና ማሽናቸውን አጥፍቶ አስነሣ፤ ራሱ መዘገበው። በማግስቱም መዝገቡ ከነሙሉነቱ ተገኘ። ቀጥለው እትዬ አበዛሽ ሌላ ጻፉ፤ አደረና ጠፋ። የቀረው ጃራ የጻፈው ብቻ ነበር። እሱ ሲነካው ይሠራል፣ ሲለቀው ያጠፋል። ጃራ ኬብሉን በሙሉ ፈተሸ፣ ዲስኩን ፈተሸ፣ ፕሮግራሙን ወረቀት ላይ ገልብጦ መስመር በመስመር አነበበ። ስህተት አልተገኘም። ሽንኩርቱ ግን በየቀኑ ይገባል፣ በየቀኑም ከማሽኑ ይጠፋል።

ሳቁ ቆመ።

ሥራ አስኪያጁ ጓድ አብተው ሁላችንንም ሰበሰቡ። ቀልድ የማያውቁ፣ ካኪ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው ነበሩ።

«ጓድ ጃራ፣ እስኪ አስረዳን። የእሳቸው እየጠፋ ያንተ ብቻ የሚተርፈው ለምንድን ነው?»

«አላወቅሁትም፣ ጓድ።»

«የሠራኸው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

«የሠራኸውን አታውቀውም?»

ክፍሉ ዝም አለ። የዚያን ዝምታ ስም ሁሉም ያውቀዋል፤ አሻጥር ይባላል። በዚያ ሰሞን ይህ ቃል በአንድ ሰው ስም ላይ ከተጻፈ፣ ሰውየው ቤቱ የሚመለስበትን ቀን የሚያውቅ አልነበረም።

ከስብሰባው በኋላ እኔን ለብቻዬ አስቀሩኝ።

«በሙያ ከእሱ ጋር የምትስተካከዪ አንቺ ብቻ ነሽ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ከአዲሱ ዓመት በፊት ከላይ ሰዎች ይመጣሉ። ሆን ተብሎ የተሠራ መሆኑን በባለሙያ አስተያየት ጽፈሽ ትፈርሚያለሽ።»

«ሆን ተብሎ ስለመሠራቱ ማስረጃ የለኝም።»

«ሆን ተብሎ ላለመሠራቱስ አለሽ?»

አልነበረኝም። ባዶ ወረቀት ከመሳቢያቸው አውጥተው ወደ እኔ ገፉት።

«ሽንኩርቱ የት ገባ ብለው የሚጠይቁት እኔን ነው» አሉ። «እኔን ነው፣ ይርጋለም።»

በማግስቱ ጠዋት «አካም ቡልቴ?» አልመጣም። ጠበቅኩ። ቀና ስል፣ በኬብሉ ዙሪያ የነበረው ክፍተት በተጠቀለለ ጋዜጣ ተወትፏል፤ የተወተፈውም ከእሱ ወገን ነበር። በበረንዳው ስንተላለፍ ጃራ መሬት መሬት እያየ አለፈ። ያን ቀን የጻፍኩት ቁጥር ሁሉ የተሳሳተ ነበር። ጥፋተኛ ሰው ነው እንዲህ ዓይን የሚሸሸው፣ አለኝ አንዱ ልቤ። ሌላው ልቤ ግን ጋዜጣውን እያየ አለቀሰ።

ሥራ ሲያበቃ ጋሪ ማቆሚያው ድረስ ተከተልኩት። ዝናቡ አባርቶ፣ የፈረሶቹ ጀርባ ይጨስ ነበር።

«ጃራ!»

ዞረ። ዙሪያውን አየና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«አትምጪ» አለ።

አንቺ አለኝ። ስንት ጊዜ የጠበቅሁት ቃል፣ በመጣበት ቀን እንዲህ ሆኖ መጣ።

«ምን አድርጌህ ነው?»

«ምንም። ከእኔ ጋር ቆመሽ እንዳትታዪ ነው።»

«ቀዳዳውን የደፈንከውም ለዚያ ነው?»

«የጓድ አብተው ጸሐፊ ስንነጋገር ሰምታ ነግራቸዋለች። ምን እንደሚያወሩ አይታወቅም ብላለች።» ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ኦሮምኛሽ መጥፎ ስለሆነ ይሆናል።»

«አትቀልድ። ወረቀቱን እንድፈርም ጠይቀውኛል።»

«አውቃለሁ። ፈርሚ።»

«ምን?»

«ፈርሚ፣ ይርጋለም። ካልፈረምሽ ሁለታችንንም ነው የሚወስዱን። እኔን መውሰዳቸው አይቀርም፤ አንቺ ግን መንገድ አለሽ።»

«ሠርተኸዋል?» አልኩት። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠየቀው መልሱን አምኖ ለመኖር ነው።

ዓይኖቹን አነሣ። በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ባለጋሪው «ትሄዳላችሁ ትቆማላችሁ?» ብሎ ጮኸብን።

«አልሠራሁም» አለ።

«እንግዲያው አልፈርምም።»

«ይርጋለም...»

«ጋሪህ እየሄደብህ ነው» ብዬ ዞርኩ፤ ፊቴን እንዳያይብኝ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ቢሮ የምገባው ወንበሩ ሲንቋቋ ለመስማት ነበር። ሲንቋቋ፣ ዛሬም አልወሰዱትም እላለሁ። ወረቀቱ በመሳቢያዬ ባዶውን ተኝቷል። ጓድ አብተው በመስኮቱ በኩል ሲያልፉ እየቆሙ ያዩኛል።

ጳጉሜን አንድ ማለዳ ከላይ የተላከው ላንድሮቨር መጣ። ሁለት ሰዎች ወርደው፣ በር ላይ ቆመው ሲጋራ ለኮሱ። ጓድ አብተው ወደ እኔ መጡ።

«ፈረምሽ?»

«አልፈረምኩም።»

«ይርጋለም፣ ሰዎቹ ውጭ ናቸው።»

«አየሁዋቸው።»

ይህን ጊዜ እትዬ አበዛሽ በበሩ ገቡ፤ ነጠላቸው እንደበሰበሰ ነው። በውጭ ያለውን አላስተዋሉም።

«የጳጉሜን ዝናብ ጠበል ነው ብዬ ሆን ብዬ ተመታሁበት» አሉ እየሳቁ። «ማሽኑ ግን ጠበል አልወደደም መሰለኝ። ዛሬ ጭራሽ አልከፍትም አለኝ።»

«አሁን ጊዜው አይደለም ወይዘሮ አበዛሽ» አሉ ጓድ አብተው።

«ምን ላድርግ ጓድ? ሲነሣ ቀን ይጠይቀኛል፤ ጃራ እንዳስተማረኝ የዛሬን እሰጠዋለሁ። ትናንት ነሐሴ ሠላሳን እሺ ብሎ ተቀብሏል። ዛሬ ጳጉሜን አንድ ብለው ስህተት ነው ይላል። እንደገና እንደገና ሞከርኩ። ጳጉሜንን አልቀበልም አለ።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። መነሣቴን ያወቅሁት ወንበሩ ሲወድቅ ነው።

«ምን ብለው ነው የጻፉት፣ እትዬ? ቁጥሩን ይንገሩኝ።»

«ወሩን አሥራ ሦስት፣ ቀኑን አንድ፣ ዓመቱን ሰማንያ አንድ። ሌላ ምን ይጻፋል?»

ጠረጴዛው ላይ ወጣሁና ጋዜጣውን ከግድግዳው መንጭቄ ጣልኩት።

«ጃራ!»

ከወዲያ ወንበሩ ተንቋቋ።

«ጃራ፣ ዓመቱ ስንት ነው?»

«ምን?»

«ዘንድሮ ዓመቱ ስንት ነው?»

«ሰማንያ አንድ። ይርጋለም፣ ሰዎቹ በር ላይ...»

«በሰርቨሩስ?»

ጓድ አብተው አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል።

«ሰማንያ ዘጠኝ» አለ ጃራ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ከዚያም የእሱ ወንበር ወደቀ።

ነገሩ ሲገለጥ ሕፃን የሚረዳው ሆነ። የሌሎቹ ሁለት ክፍሎች ማሽኖች ቀኑን በውስጣቸው ባለች ባትሪ ይይዛሉ። የእትዬ አበዛሽ ማሽን ግን አሮጌ ነበር፤ ማለዳ ማለዳ ይረሳል፣ ይጠይቃል። እሳቸውም እንደ ማንኛውም የአገራችን ሰው የአገራችንን ቀን ይነግሩታል። ሰርቨሩ የሚኖረው በፈረንጆቹ ሰማንያ ዘጠኝ ነው፤ እትዬ አበዛሽ የሚጽፉት በሰማንያ አንድ። ማታ ፕሮግራሙ ሁለቱን ያወዳድርና የእሳቸውን ትኩስ ሽንኩርት የስምንት ዓመት አሮጌ ነው ብሎ ይሽረዋል። ጃራ ሊፈትሽ ሲመጣ ማሽኑን አስነሥቶ፣ ሳያስበው፣ ላይፕዚሽ እንደለመደው የፈረንጁን ቀን ይሰጣል፤ ስለዚህ የእሱ ይተርፋል። ማስረጃውም በየማታው ከፋይሉ ጋር አብሮ ይጠፋል።

ጃራ በበሩ ሲገባ ቅንድቡ ላይ ኖራ አልነበረም፤ ፊቱ ግን ከኖራ የነጣ ነበር። ከእሱ እስከ እኔ ያለው ርቀት አንድ ክንድ ነው። ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም፤ ብንነቃነቅ ምን እናደርግ እንደነበር እናውቃለን።

ያን ጊዜ እትዬ አበዛሽ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«እንግዲህ» አሉ፣ ሳቃቸው ከፊታቸው ወርዶ፣ «ያጠፋሁት እኔ ነኛ።»

ጓድ አብተው ወደ እሳቸው ዞሩ። በፊታቸው ላይ አንድ የሚያስፈራ እፎይታ አየሁ፤ ውጭ ላሉት ሰዎች የሚሰጡት ስም አግኝተው ነበር።

«ወይዘሮ አበዛሽ፣ ሳምንታት ሙሉ የተሳሳተ ቀን አስገብተዋል ማለት ነው።»

«ልጄ ሰሜን ግንባር ነው ጓድ» አሉ እትዬ አበዛሽ። ሌላ መከላከያ አልነበራቸውም። «እኔ መንግሥትን ልበድል?»

ጃራ በእሳቸውና በጓድ አብተው መካከል ገብቶ ቆመ።

ከአፍታ በፊት ነፃ ሰው ነበር። በሩን ከፍቶ መውጣት፣ ዝም ማለት ብቻ ይበቃው ነበር።

«የተሳሳተ ቀን አላስገቡም» አለ። «ዛሬ ጳጉሜን አንድ ነው፤ አይደለም እንዴ ጓድ? የዛሬን ቀን ይጻፉ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ የዛሬን ጻፉ። አሥራ ሦስት ወር ላለው አገር አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስም የሚጻፍ ከሆነ የእኔ ይጻፍ።»

«አሻጥር ነው እያልክ ነው?»

«ስህተት ነው እያልኩ ነው። የእኔ ስህተት።»

ጓድ አብተው ወደ መስኮቱ አዩ። አንደኛው ሰውዬ ሲጋራውን በጫማው ረግጦ ወደ እኛ መምጣት ጀምሯል። የሰውን ቁመት የምንለካበት ብዙ መንገድ አለ፤ እኔ ያን ቀን የጃራን ቁመት አየሁ። ከጎኑ ሄጄ ቆምኩ።

«የሙከራውን ውጤት የፈረምነው ሁለታችን ነን» አልኩ። «ስህተቱ የእሱ ብቻ ከሆነ ፊርማዬ ውሸት ነው። ስሜን አብረው ይጻፉት።»

«ይርጋለም፣ ተይ» አለ ጃራ በሹክሹክታ።

«አንተ ተው።»

«አንቺ ልጅ፣ የምትገቢበትን ታውቂያለሽ?» አሉ ጓድ አብተው።

«አውቃለሁ።»

ለረጅም ጊዜ አዩን፤ እኔን፣ እሱን፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ የያዙትን እትዬ አበዛሽን። የሰውየው እርምጃ በበረንዳው ሲቀርብ ይሰማል። ከዚያም እኝያ ቀልድ የማያውቁ ሰው የአንገታቸውን ቁልፍ ፈቱ።

«አሳዩኝ» አሉ። «አሁኑኑ። እሳቸው ይጻፉ፤ አንተ እንዳትነካው።»

በሩን ከፍተው ሰውየውን በእጃቸው አስቆሙትና ከእኛ ጋር ወደ መረከቢያው ወሰዱት። እትዬ አበዛሽ ተቀመጡ። እኔ ወሩን ዘጠኝ፣ ቀኑን ስድስት፣ ዓመቱን ሰማንያ ዘጠኝ ብዬ ነገርኳቸው። አንድ በአንድ ጻፉ፤ ማሽኑ ተከፈተ። በዚያን ጠዋት የገባውን ሽንኩርት አስገቡ። ጃራ እጆቹን በኪሱ ከትቶ፣ ከበሩ አጠገብ ቆሞ፣ ፕሮግራሙን እንዴት እንደሚያስጀምሩ በቃል ብቻ መራቸው። ማሽኑ ማጓራት ጀመረ። በኪሱ ውስጥ ያለው የጃራ እጅ ተጨብጦ አየሁ።

ማጓራቱ ቆመ። እትዬ አበዛሽ ፋይሉን እንደገና ከፈቱ።

«አለ!» ብለው ጮኹ። «እሰይ! አልበላውም! ሽንኩርቴ አለ!»

ሰውየው ወደ ጓድ አብተው ዞረ። «ታዲያ ለምን ጠራችሁን?»

«የሥራ ጉድለት ነው፤ አሻጥር አይደለም» አሉ ጓድ አብተው፣ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ሸካራ ሆኖ። «አጥፊዎቹን አግኝቼ እርምጃ ወስጃለሁ። ሁለቱም ከዋናው መሥሪያ ቤት ተነሥተው ዓለም ጤና መጋዘን ሽንኩርት እንዲመዝኑ ተመድበዋል። ዛሬውኑ ይሄዳሉ።»

ሰውየው ጫማዎቻችንን አይቶ፣ ሽቅብ እስከ ፊታችን ድረስ አየን። ከዚያም ወጣ። ላንድሮቨሩ ሲነሣ ሰማን። የተቀጣነው እንድንድን እንደሆነ የገባኝ ጓድ አብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በመሐረብ ሲጠርጉ ሳይ ነው። እስከ ዕለተ ሞታቸውም ስለዚያ ቀን አላነሡም።

ወደ ዓለም ጤና የሚመለሰው የጭነት መኪና ባዶ ጆንያ ተሞልቶ ነበር፤ ሻንጣዎቻችንን ከጆንያው ላይ ጫንን። ጋቢናው ውስጥ እኔ በመካከል፣ ጃራ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥን። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጠፍን። ሜዳው ዝናብ ጠጥቶ አረንጓዴ ነበር።

«ትቆጪያለሽ?» አለ ጃራ።

«ስለ ምን?»

«ስለ ቡዳፔስት። ስለ ዲግሪሽ። ሽንኩርት ልትመዝኚ ነው እኮ።»

«አንተስ ከላይፕዚሽ መጥተህ ምን ልትመዝን ነው?»

ሳቀ። ያ ሳቅ ከስብሰባው ወዲህ ተሰምቶ አያውቅም። ከዚያም ሳቁን አቆመ፤ እጁን በመቀመጫው ላይ፣ በእጄ አጠገብ አኖረ፤ አልነካኝም። እጄን አንሥቼ በእጁ ላይ አሳረፍኩት። መኪናው በየጉድጓዱ ይዘላል፤ እጆቻችን ግን ከዚያ ቦታ አልተነሡም።

ዓለም ጤና መግቢያ ላይ ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«እንዴት ላድርግ?» አለ። «አንዱን መጋዘኑ ጋ፣ አንዱን ከተማው ውስጥ ነው የማወርደው?»

ጃራ አየኝ። መልሱን ለእኔ ተወው።

«አንድ ቦታ» አልኩ።

ሹፌሩ በመስተዋቱ ተመለከተን፤ ከናዝሬት ጀምሮ ሲስቅ እንደመጣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«እሱንማ ሞጆ ላይ አውቄዋለሁ፣ እኅቴ» አለ። «የጠየቅኩት ስለ ሻንጣዎቹ ነው።»

ሻንጣዎቹም አንድ ቦታ ወረዱ።